ለእንግዳ የታጠበ ግድግዳ

በጥርኝ ሜዳ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ሳይሆን መንገድ ዳር የቆመውን የአየር መብራት ነው። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ልብስ ውጭ ይሰጣል፤ ልጆች በእግራቸው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ቢጫ ከሆነ መስኮት ይዘጋል፤ ጎመን ሁለት ጊዜ በሳሙና ይታጠባል፤ ሽማግሌዎች ቤት ይውላሉ። ቀይ ከሆነ ገበያ አይቆምም፤ የእድር ድንኳንም አይተከልም። የሞተ ሰው ካለ ቢጫ እስኪበራ ድረስ ቤቱ ይቆያል። ነጭ ነጠላ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ዶሮዎቹ ሁሉ ግራጫ ናቸው። እንግዳ ሰው ወደ ከተማዋ ሲገባ ይህ ይገርመዋል፤ የከተማዋን ሰው ግን የሚገርመው ሌላ አገር ሄዶ ነጭ ዶሮ ሲያይ ነው።

ማመንጫው ያለው ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ ነው። ግድቦቹ ውሃ ሲያጥራቸው ነበር የተሠራው። የሚያነደው ድንጋይ ከሰል ነው። ኃይሉ በወፍራም ሽቦ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ዋናው ከተማ፣ ሌት ተቀን ወደማይዘጉት የስሌት ማሽን አዳራሾች ይሄዳል። በጥርኝ ሜዳ ራሱ መብራት በፈረቃ ነው።

ረድኤት የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ናት። ድሮ፣ እሷ ልጅ ሳለች፣ የእድር ንብረት ማለት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ነበር። አሁን ዋናው ንብረት የኦክስጅን ማሽኖቹ ናቸው። ማሽን የሚሰጠው ለባሰበት ሰው ነው፤ የሚመለሰው ሰውዬው ሲያርፍ ነው። በሳልስቱ ሁለት እድርተኞች ይመጡና በአልኮል ጠርገው ወደሚቀጥለው ቤት ያደርሱታል። ማሽኖቹ ስም አላቸው፤ መጀመሪያ በተነፈሰባቸው ሰው ይጠራሉ። የረድኤት ባል፣ ሱራፌል፣ የሚተነፍስበት ማሽን ሂሩት ይባላል። እማማ ሂሩት ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ስማቸው ግን በዚያ ቤት በየቀኑ ይነሣል።

«ሂሩት ዛሬ ምን ሆና ነው የምታንኮራፋው?» ይላል ሱራፌል።

«ማጣሪያዋ ሞልቶ ነው። ቆይ፣ ላጽዳላት።»

«ቀስ ብለሽ። ሁለተኛዋ ሚስቴ ቂመኛ ናት።»

ሱራፌል የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበር፤ ሥራውን ከአባቱ ነው የወረሰው። ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲነፋ ድምፁ እስከ ወንዙ ማዶ ይደርሳል። የሰማው ሁሉ የያዘውን ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ኋላ ትንፋሹ እያጠረ ሲመጣ ጥሩምባው አጠረ፤ በመጨረሻም ዝም አለ። አሁን የሞት ወሬ የሚደርሰው በስልክ ነው። ጥሩምባው እንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሙሾም ከቀረ ቆይቷል። በጥርኝ ሜዳ ለቀስተኛ አፉን ይከፍታል፣ ደረቱን ይይዛል፣ እንባውን ያፈሳል፤ ድምፅ ግን አያወጣም። ሕፃናቱ ለቅሶ ማለት ይህ ነው ብለው ነው የሚያድጉት።

የጭሱ አዋጅ ረቂቅ ሆኖ ከተጻፈ ቆይቷል። የሚለው ሁለት ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ጭስ ማውጫ ማጣሪያ ይግባለት፣ አሮጌዎቹ ምድጃዎች ይዘጉ። ረድኤት ከጤና ጣቢያዋ ነርስ ከሲስተር ሂክማ ጋር ቤት ለቤት እየዞረች ፊርማ ያሰባሰበችው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ስትነሣ ለሰፈሩ ብላ ነበር። ሱራፌል ከታመመ ወዲህ ግን ለማንም የማትናገረው ሌላ ምክንያት አላት። ሂክማ አንድ ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ አስቁማት ነበር።

«እትዬ ረድኤት፣ እውነቱን ልንገርዎ። የጋሼ ሱራፌል ሳንባ የሄደው ሄዷል፤ አይመለስም። የቀረው ግን ጭሱ ቢቀንስለት ገና ብዙ ያኖረዋል። አዋጁ ዘንድሮ ከጸደቀ አሮጌዎቹ ምድጃዎች ክረምት ሳይገባ ይዘጋሉ።»

«ካልጸደቀስ?»

ሂክማ ወደ ኮረብታው ቀና አለች። የክረምት ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ደመናው ተጭኖት መሬት ለመሬት ይሄዳል። ይህን በጥርኝ ሜዳ የማያውቅ የለም።

በበጋው መጨረሻ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ሕመምተኞቹን በአካል ሊያይ ይመጣል ተባለ። ማመንጫው «ሰዉን የሚያሳምመው የማገዶ ጭስ እንጂ የኔ አይደለም» ብሎ ስለተከራከረ፣ ኮሚቴው ራሱ አይቶ፣ ራሱ ሰምቶ ይወስናል። ሂክማ ሰዉን እድር ቤት ሰበሰበች።

«አደራችሁን፣ እንዳላችሁ ጠብቋቸው፤» አለች። «ግድግዳ አታጥቡ። ማሽን አትደብቁ። ሳል ሲመጣባችሁ አትዋጡት።»

«በጥላሸት ቤት እንግዳ ተቀበሉ ነው የምትይን?» አለች ፌቨን። ፌቨን የረድኤት የግድግዳ ጎረቤት ናት፤ ራሷም ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል።

«አዎ፣ እትዬ ፌቨን። ለአንድ ቀን ብቻ።»

«እናትሽ እንዳትሰማሽ!»

ቤቱ ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ፤ ሳሉም ካንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ አዳራሹን ዞረው።

«ይኸው! ይኼን ነው የምላችሁ!» አለች ሂክማ እጇን እያጨበጨበች። «ይኼን አስቀምጡልኝ።»

ደግመው ሳቁ።

ረድኤት የሂክማን ቃል ልትጠብቅ ቆርጣ ነበር። እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ግን ከሥራዋ አረፍ ብላ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀመጠችና ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ አየችው። ከሶፋው በላይ ሰው ጭንቅላቱን የሚያስደግፍበት ቦታ ብቻ ፈዘዝ ብሏል፤ ሌላው ጥቁር ነው። ከዋናው ከተማ የመጣች አንዲት ሴት ንጹሕ ልብስ ለብሳ እዚያ ላይ ስትደገፍ ታያት። በዚያው ሰዓት ከግድግዳው ማዶ፣ ከፌቨን ቤት፣ የብሩሽ ድምፅ ሰማች። ሽክ፣ ሽክ፣ ሽክ።

ረድኤት ተነሥታ ባልዲ አመጣች። የሚደገፉበትን ቦታ ብቻ ላጥበው ብላ ጀመረች። እሱ ሲነጣ ዳሩ ይበልጥ ጠቆረ። ዳሩንም ስታጥብ ከጥሩምባው በላይ ያለው አሳፈራት። ጥሩምባውን አውርዳ ከኋላው ያለውን አጠበች፤ ጥሩምባውንም ወለወለችና መልሳ ሰቀለችው። ሲመሽ ግድግዳው እንደ አዲስ ቤት ነጭ ሆኖ ቆመ። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ቀለም ይመስል ነበር፤ ሰው እንዳያየው ከጓሮ ደፋችው።

በማግስቱ መብራቱ አረንጓዴ ነበር። ነፋሱ ሌሊቱን ፊቱን አዙሮ ጭሱን ወደ በረሃው ይነዳዋል። ኮረብታው ከነጭስ ማውጫዎቹ ጥርት ብሎ ይታያል።

«አየሽ፣» አለች ፌቨን በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «ነፋሱም እንግዳ ያከብራል።»

ሱራፌል ተላጭቶ፣ ለልጃቸው ሠርግ የገዛውን ሱፍ ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሱፉ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ቱቦውን ከአፍንጫው አውልቆ በእጁ ይዟል።

«ሂሩትን ወደ መጋረጃው ኋላ አድርጊያት።»

«ሱሬ፣ ሂክማ ምን ነበር ያለችው?»

«ሂክማ ልጅ ናት። የአገር ተወካይ ቤቴ ሲመጣ አፍንጫዬን ታስሬ፣ ሞተር እያስነሣሁ ልጠብቀው? ደግሞስ ድምፅዋ መች ያስወራናል?» ትንፋሹ አቋረጠው፤ ጠበቀው፤ ተመለሰለት። «ትንሽ ጊዜ ነው። እችላለሁ። ይልቅ ከረባቱን እሰሪልኝ።»

ረድኤት ከረባቱን አሰረችለት። ስታስር ጣቶቿ ከአንገቱ በታች ያለውን ጉድጓድ ሲነኩት ይታወቃታል፤ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይገባል። ማሽኑን ከመጋረጃው ኋላ አደረገችው።

የኮሚቴው አባላት መስኮቱ በማይከፈት መኪና መጡ። ሰብሳቢው ረጅም፣ ለስላሳ አነጋገር ያላቸው ሰው ናቸው። ከሳቸው ጋር ኤልዳና የምትባል ጎልማሳ የምክር ቤት አባልና ድምፅ የሚቀዳ ጸሐፊ ነበሩ። ሲወርዱ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ነበር። የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ሲደርሱ ግን ሰብሳቢው ያን ሁሉ ሳይሸፈን የቆመ ሰው አዩና መሸፈኛቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ኤልዳና ትንሽ አመንትታ እሷም አወለቀች። ሰው ቤት ተሸፍኖ መግባት ነውር መስሏት ነው።

ረድኤት የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ስለሆነች ከቤት ቤት አብራ ዞረች። የአቶ ኪሩቤል ቤት ስትገባ የሳሙና ሽታ ተቀበላት። ኪሩቤል አንድ ሳንባ ነው የቀረው፤ በር ድረስ ወጥቶ ጠበቃቸው።

«ጤናዎ እንዴት ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤» አለ ኪሩቤል።

ሂክማ ከኋላ ሆና ረድኤትን በክርኗ ነካቻት። በሚቀጥለው ቤት ግድግዳው እርጥብ ነበር። እዚያም ሰብሳቢው «እንዴት ናችሁ?» አሉ፤ እናትና ልጅ ባንድነት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ። ልጅቱ ሳሏን እንደዋጠች ዓይኗ እንባ ሞላ። ጸሐፊው መቅጃውን ወደ አፋቸው ያስጠጋል፤ ሁሉም ቃል ጥርት ብሎ ይገባል። ረድኤት ተናደደች። እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው? የኔ ቤት ሲደርሱ እንኳ እውነቱ ይታያል፣ ብላ አሰበች። ከዚያ የገዛ ግድግዳዋ ትዝ አላት።

ሱራፌል ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ሲገቡ ተነሣ።

«ኧረ አይነሡ አባታችን! እንዴት ነዎት?» አሉ ሰብሳቢው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነኝ።»

«ንገራቸው እንጂ፣ ሱሬ፤» አለች ረድኤት።

«ያው… እንደ ዕድሜዬ ነኝ። ቁጭ በሉ እንጂ። ረድኤት፣ የሚጠጣ።»

ሂክማ ከበሩ አጠገብ ሆና፣ «ጋሼ ሱራፌል የሳንባ ሕመምተኛ ናቸው፤ ያለማሽን አያድሩም፤» አለች። ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሱራፌልን አዩት፤ ማሽኑን በዓይናቸው ፈለጉ። ኤልዳና ጨዋታውን ልታለዝብ ፈልጋ ወደ ግድግዳው ቀና አለች።

«ይኼ ጥሩምባ የማን ነው?»

የሱራፌል ፊት በራ። ስለ አባቱ፣ ስለ ጉብታው፣ ወንዙ ማዶ ስለሚሰሙት ሰዎች ነገራት። ቃላቱን በአጭር በአጭሩ ይቆርጣቸዋል፤ ለማያውቀው ሰው ግን የረጋ አነጋገር ይመስላል።

«አሁንም ይነፉታል?» አለች።

ሱራፌል ወደ ረድኤት አየ። አይ፣ አይነፋም፣ ማለት ነበረባት። አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ያን ፊት ካየችው ስንት ዘመኗ! የምትጠላው ሕመም አልነበረም እዚያ ላይ፤ ያገባችው ሰው ነበር። ዝም አለች። ዝም ስትል እሱ ተነሥቶ ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረደ።

አንድ ጊዜ ነው የነፋው። ድምፁ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ያዘው፤ ቤቱን ሞላ፤ በበሩ ወጥቶ ሄደ። ጸሐፊው ፈገግ ብሎ መቅጃውን ከፍ አደረገ። ሰብሳቢው አጨበጨቡ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰፈሩ መጣ። ያን ድምፅ ከሰሙት ዓመታት አልፈዋል፤ ትርጉሙን ግን የረሳ የለም። ነጠላቸውን ከላስቲክ አውጥተው፣ አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን ይዘው መጡ። ፌቨን ቀድማ በሩ ላይ ደረሰች። አፏ ለለቅሶ ተከፍቷል። ሱራፌልን ጥሩምባውን ይዞ ቆሞ አየችው፤ እንግዶቹን አየች። ለአንድ አፍታ የምትሆነው ጠፋት።

«እልልልል!» አለች።

ከኋላዋ ያሉት ገባቸው። ነጠላቸውን አቀኑ፤ ባላቸው ትንፋሽ ተቀበሏት። እልልታው ቀጭንና አጭር ነበር፤ ግን እልልታ ነው። ከዋና ከተማ የመጣ ሰው ፊት፣ ሞቷል ብለን ነው የመጣነው እንዴት ይባላል?

«እንዲህ ያለ አቀባበል አይቼ አላውቅም፤» አሉ ሰብሳቢው። እውነታቸውን ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅሮ ነበር። ሁሉም ሰው ነጭ ለብሶ ግቢው ውስጥ እንደቆመ ፎቶ ተነሡ።

መኪናው ከጠፋ በኋላ ሰዉ ነጠላውን እያጣጠፈ ተበተነ። ፌቨን በሩን ተደግፋ ትንፋሿን ስትለቅም ቆየች።

«ገደልከኝ እኮ፤» አለችው ሱራፌልን። «ሞትክ ብዬ ሮጬ መጥቼ እኔው ልሞት!»

እሱ ሊመልስላት ፈልጎ አልቻለም። ከንፈሩ ጠቁሯል። ረድኤት ሂሩትን ከመጋረጃው ኋላ እየጎተተች አመጣች፤ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አደረገች፤ ከረባቱን ፈታች። ብዙ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

«ወንዙ ማዶ… ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«ዝም ብለሽ ነው?»

«ይሰማል አልኩህ። አሁን አታውራ።»

ጥሩምባውን አንሥታ ቦታው ሰቀለችው።

ከዚያን ቀን በኋላ ሱራፌል ከአልጋው እምብዛም አልተነሣም። ሂክማ መጥታ ደረቱን ስታዳምጥ ረድኤትን ቀና ብላ አላየቻትም፤ አልወቀሰቻትምም። ቢጫው በዛ። የመጀመሪያዎቹ ደመናዎች ኮረብታው ላይ ሲቀመጡ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሬዲዮው ተናገረ። ረድኤት አጠገቡ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር።

«ኮሚቴው በሥፍራው ተገኝቶ ነዋሪዎችን ያነጋገረ ሲሆን፣ በሕመምተኝነት የቀረቡት ግለሰቦች ደህና መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት ገልጸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ለእንግዶቹ ክብር ጥሩምባ ነፍተዋል። በመሆኑም ረቂቅ አዋጁ ለተጨማሪ ጥናት ወደሚቀጥለው የሥራ ዘመን ተላልፏል። በስፖርት ዜና…»

ረድኤት ዘጋችው።

«ስሜን አልጠሩትም፤» አለ ሱራፌል።

«አልጠሩትም።»

«ደግ አደረጉ።» ሂሩት አንኮራፋች። «ደህና ነኝ አልኳቸው አይደል?»

«ሁሉም ብሏል። ልማድ ነው።»

«ምን ልበል ታዲያ? ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ እንዴት ነህ ሲለኝ… ታምሜያለሁ ልበለው?»

«እኔስ ብሆን። ዝም አልኩ እኮ።»

«እሱን ተይው።» እጁን ብርድ ልብሱ ላይ እየጎተተ አምጥቶ እጇ ላይ ጣለው። «ጥሩ ነፋሁ ግን።»

«በጣም ጥሩ ነፋህ።»

ሱራፌል ያረፈው ክረምቱ እንደገባ ነው። መብራቱ ቀይ ነበርና ቢጫ እስኪበራ ቤቱ ቆየ። ረድኤት አጠገቡ ተቀምጣ በመስኮቱ ስንጥቅ መብራቱን ትጠብቃለች። ጭሱ ደጁ ላይ እንደ ከብት ተኝቷል። ቢጫ ሲበራ ቀበሩት። የሞቱ ወሬ በስልክ ነው የደረሰው፤ የሚነፋ አልነበረም።

ቀይ እንዳይመለስ ተፈርቶ ድንኳን ስላልተተከለ ለቀስተኛው እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ግድግዳው መልሶ እንደ ቀድሞው ጠቁሯል። ረድኤት አልነካችውም። በሳልስቱ ቀን ለቀስተኛው እንደ ወጉ ድምፅ ሳያሰማ ደረቱን ይዞ ተቀምጦ ሳለ ከውጭ ጩኸት መጣ።

«አባቴን! አባቴን! ወይኔ አባቴን!»

ሁሉም ደነገጠ። ልጆቹ ምን እንደሆነ አላወቁትም፤ አንዷ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። በሩ ላይ ኤልዳና ቆማለች። ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በአገሯ ለቅሶ ቤት እንደሚገባው እየጮኸች ነው የመጣችው። ድምፅዋ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ዞረ። አፋቸውን ከፍተው ዝም ያሉትን ፊቶች አየችና ድምፅዋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ጠፋ። ቦታ ለቀቁላት፤ ፌቨን አጠገብ ተቀመጠች።

«እዚህ… አይለቀስም እንዴ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ይለቀሳል፤» አለች ፌቨን። «ትንፋሽ ስለሚፈጅ ድምፁን ትተነው ነው።»

ወደ ማምሻው ሁለት እድርተኞች መጥተው ሂሩትን በአልኮል ጠረጉ። የሚቀጥለው ቤት የፌቨን ነበር። ፌቨን ልትነሣ ብላ መልሳ ተቀመጠች፤ ከዚያ የረድኤትን ጉልበት ይዛ ተነሣች።

«ሱሬ ሁለተኛ ሚስቱን ለኔ ተወልኝ፤» አለች። ልትቀልድ ነበር፤ አላስኬዳትም። ማሽኑን ተከትላ ወጣች። ሰዉም መብራቱ ሳይለወጥ ልግባ እያለ ተነሣ።

ረድኤትና ኤልዳና ብቻ ቀሩ። ከግድግዳው ማዶ ሂሩት ስትነሣ ተሰማ። አንዴ አንኮራፋችና ረጋ ብላ ቀጠለች።

«ማረፋቸውን ሲስተር ሂክማ ናት የነገረችኝ፤» አለች ኤልዳና። «እትዬ ረድኤት፣ ያን ቀን ለምን አልነገሩንም? እኛ እኮ ልንሰማ ነበር የመጣነው።»

«እንግዳ ነበራችኋ።»

«ቢሆንስ?»

«እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል። እንዴት ናችሁ ሲባል ደህና ይባላል። ሌላ ምን ይባላል? በናንተ አገር ምን ይባላል?»

ኤልዳና አሰበች። «ደህና ነው የምንለው፤» አለች። ቆየችና፣ «ጥሩምባውን ግን እኔ ነኝ የጠየቅኳቸው፤» አለች።

«አይ፣ እንዳይነፋ መከልከል የኔ ፈንታ ነበር።»

ማዶ ሂሩት ትተነፍሳለች።

«ዛሬስ?» አለች ኤልዳና። «ዛሬስ እንዴት ነዎት?»

ረድኤት አፏ ለለመደው ቃል ተከፍቶ ነበር፤ ዘጋችው።

«ዛሬማ ለቀስተኛ ነሽ፤» አለች። አንቺ ማለቷን ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው፤ አላረመችውም። «ነይ፣ ተነሺ።»

ወደ ግድግዳው ሄዳ ጥሩምባውን ከተሰቀለበት አወረደችው። ጥሩምባው ከነበረበት ቦታ ላይ ሌላ ጥሩምባ ነበር፤ ነጭ፣ አፉ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ዙሪያውን በጥላሸት የታጠረ።

«እናንተ የመጣችሁ ለት ዋዜማ ነው ያጠብኩት። እሱ ነፍቶ ሲጨርስ መልሼ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ እኔም አልነካሁት፣ ማንም አልነካው።»

ኤልዳና ቀረብ ብላ አየችው። ጣቷን አንሥታ ከነጩ ውጭ ያለውን ግድግዳ ነካች፤ ጣቷ ጥቁር ሆኖ ተመለሰ። ጨዋ አድርገው እንዳሳደጓት ሰው፣ ነጠላዋን እንዳይነካባት እጇን ወደ ጎን አርቃ፣ የምትጠርግበት ነገር ዙሪያዋን ፈለገች።

ረድኤት ጥሩምባውን ሶፋው ላይ አስቀምጣ፣ የምታስታጥብበት ውሃ ልታመጣላት ፈጠን ብላ ወደ ጓዳ ሄደች። እጇ ጆጉን ይዞ ነበር። ተወችው። ተመልሳ ጥሩምባው አጠገብ ተቀመጠች።

ኤልዳና ጣቷን እንዳነሣች ጥቂት ቆየች። ከዚያ ነጠላዋ ላይ፣ ከፊት ለፊት፣ ሰው በሚያየው በኩል ጠረገችው።